የግግር በረዶ ገጽታ በኮምፒዩተር ሥዕል፤ ስፌቱ የማይታይ ልባጥ እንዴት እንደሚሠራና ለትምህርት የሚሰጠው ጥቅም

በአሁኑ ጊዜ በትምህርት መርጃ ፊልሞች፣ በመማሪያ መጻሕፍት ሥዕሎችና በልዩ ልዩ ማለማመጃ መሣሪያዎች ውስጥ የሚታየው የበረዶ ሜዳ ወይም የረጋ ሐይቅ ብዙውን ጊዜ በካሜራ የተነሣ ሳይሆን በኮምፒዩተር ተሰልቶ የወጣ ሥዕል ነው፡፡ ሥዕሉም ቢሆን ሜዳው ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ ተስሎ የተገኘ አይደለም፡፡ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ያህል ስፋት የሚወክል አንድ ቁራጭ ይዘጋጅና፣ ያው ቁራጭ እንደ ወለል ንጣፍ ጎን ለጎን እየተደረደረ ሐይቁን ይሸፍነዋል፡፡ ቁራጩ ከቁራጩ ጋር የተጋጠመበት መስመር ካልታየ ተመልካቹ ሐይቅ ያያል፤ መስመሩ ከታየ ግን የሚያየው የተነጠፈ ወለል ይሆናል፡፡

ይህንን ቁራጭ የሙያው ሰዎች ቴክስቸር ይሉታል፡፡ በዚህ ጽሑፍ ልባጥ እየተባለ ይጠራል፤ አናጢ ተራውን ጣውላ በቀጭን የተሻለ እንጨት እንደሚለብጠው ሁሉ የኮምፒዩተር ሠዓሊም ባዶውን የጂኦሜትሪ ቅርጽ በሥዕል የሚለብጠው በመሆኑ ስያሜው ከሥራው ጋር ይስማማል፡፡

ጉዳዩ የሠዓልያን ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ሥዕሉን የሚመለከተው ተማሪ ማን እንደሆነ ማሰብ ይበቃል፡፡ በፊንላንድ ወይም በካናዳ የሚማር ልጅ በመጽሐፉ ላይ ያለው የረጋ ሐይቅ በመጥፎ ሁኔታ ቢሳል በዓይኑ ከሚያውቀው ጋር አነጻጽሮ ስሕተቱን ይጥለዋል፡፡ በጋምቤላ ወይም በድሬዳዋ የሚማረው ልጅ ግን የሚያነጻጽርበት ነገር የለውም፤ ለእርሱ ሥዕሉ ራሱ ዕውቀቱ ነው፡፡ በረዶ በተፈጥሮው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነገር ይመስል እየተሳለ ቢቀርብለት፣ የሚቀጥለው የፊዚክስ መምህር ያንን ከአእምሮው ለማውጣት ብዙ መድከም ይኖርበታል፡፡ ስለዚህ ነገሩን አይቶት ለማያውቅ ተማሪ የሚዘጋጅ ሥዕል፣ ነገሩን ለሚያውቅ ከሚዘጋጀው ይልቅ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፡፡

የቃላት ጥንቃቄም ከዚሁ ይመደባል፡፡ በአማርኛ በረዶ የሚለው ቃል በነጎድጓድ ጊዜ የሚወርደውን ጠጣር ፍሬም ሆነ ውኃ ረግቶ የሚሆነውን ድንጋይ መሰል ነገር ያጠቃልላል፡፡ አመዳይ እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ የሚወርደው ነው፤ በአገራችን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ደጀን ተራራ አካባቢ አልፎ አልፎ ይታያል፡፡ ውርጭ ደግሞ በደጋ አገር በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ሣሩን አንጥቶ አዝመራውን የሚያቃጥለው ነው፡፡ ሦስቱም ብርሃንን የሚቀበሉበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ልባጣቸውም የተለያየ ነው፡፡ ከዚህም ሌላ የሰሜኑን ክፍለ ዓለም የብርድ ወራት በደፈናው «ክረምት» ብሎ መተርጎም ተማሪውን ያሳስታል፡፡ እነዚያ ወራት በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት፣ ማለትም የእኛ በጋ ናቸውና፡፡

ልባጥ ለምን ይደጋገማል?

በቅርጽ ላይ ሥዕል የመለበጥን ዘዴ በመጀመሪያ ያሳየው ኤድዊን ካትመል በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ነው፡፡ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡) በ1976 ጄምስ ብሊንና ማርቲን ኒዌል ዘዴውን ወደ ነጸብራቅ አስፋፉት፤ በ1978 ደግሞ ብሊን የቅርጹን ጂኦሜትሪ ሳይነካ ገጹን ወጣ ገባ የሚያስመስል ስሌት አቀረበ፡፡ በዚያን ዘመን የነበረው ትልቅ ችግር የኮምፒዩተር የማስታወሻ ክፍል ጥበት ነበር፡፡ ዛሬ ማስታወሻው በብዙ ሺህ እጥፍ ቢያድግም ችግሩ ጨርሶ አልጠፋም፤ ይኸውም በቀላል ማባዛት ይታያል፡፡

አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ሐይቅ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትሩ በአንድ የቀለም ነጥብ ይወከል ቢባል፣ 1,000,000 በ1,000,000፣ ማለት አንድ ትሪሊዮን ነጥብ ያስፈልጋል፡፡ ለእያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ልክ ለመመዝገብ 3 ባይት ሲመደብ ድምሩ 3 ትሪሊዮን ባይት ይሆናል፡፡ በአንጻሩ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሚሸፍን፣ በየጎኑ 2,048 ነጥብ ያለው ልባጥ የሚወስደው 12,582,912 ባይት ብቻ ነው፡፡ ይህ ቁራጭ በአንድ አቅጣጫ 500 ጊዜ፣ በሁለቱም አቅጣጫ 250,000 ጊዜ ቢደጋገም ሐይቁን በሙሉ ይሸፍናል፡፡

ኮምፒዩተሩ ቁራጩን 250,000 ጊዜ አይገለብጠውም፡፡ የሚያደርገው ማካፈልና ቀሪውን መውሰድ ነው፡፡ ከሐይቁ ዳርቻ 5.3 ሜትር ርቀት ላይ ያለው ነጥብ ምን ቀለም እንዳለው ሲጠየቅ 5.3ን ለ2 ያካፍልና ቀሪውን 1.3 ወስዶ ከልባጡ ላይ ያንን ቦታ ያነባል፡፡ ይህ ከሰዓት አቆጣጠር የተለየ አይደለም፤ ከ12 ሰዓት በኋላ 13 ሰዓት ሳይባል 1 ሰዓት እንደሚባለው ነው፡፡ መምህሩ የቀሪ ሒሳብን ለማስተማር ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚያቀርበው ምሳሌ ቢያጣ ይህ ጥሩ ምሳሌ ይሆንለታል፡፡

ስፌቱ የሚመጣው ከየት ነው?

ቀሪው ከ2 ሜትር ጫፍ ወደ 0 በሚመለስበት ቦታ ላይ የልባጡ የቀኝ ጠርዝ ከግራ ጠርዙ ጋር ይጋጠማል፡፡ ሁለቱ ጠርዞች ካልተስማሙ ስፌቱ ይታያል፡፡ ከአንድ ፎቶግራፍ ላይ አንድ ረድፍ ተወስዶ የስምንት ነጥቦች ድምቀት እንዲህ ሆኖ ተገኘ እንበል፤ 60፣ 64፣ 61፣ 69፣ 66፣ 72፣ 71፣ 81፡፡ ረድፉ ሲደጋገም 81 ከ60 ጎን ይቆማል፤ በድንገት የ21 ዝላይ ይፈጠራል፡፡ በመካከል ያሉት ልዩነቶች ከ10 የማይበልጡ በመሆናቸው ዓይን ይህንን ዝላይ ወዲያው ይለየዋል፡፡

ነገር ግን ረድፉ በደንብ ሲታይ ሁለት ነገሮች ተደራርበውበታል፡፡ አንደኛው የበረዶው የራሱ ሽንቁርቁርነት ነው፡፡ ሁለተኛው ፎቶግራፉ በሚነሣበት ጊዜ ብርሃን ከአንድ ወገን በመምጣቱ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ በቀስ እየደመቀ የሄደው ነው፡፡ ይህ ሁለተኛው የበረዶው ሳይሆን የፀሐይዋ ነው፡፡ በሰባት እርምጃ 21 ከጨመረ በአንድ እርምጃ 3 ጨምሯል ማለት ስለሆነ፣ ከነጥቦቹ በቅደም ተከተል 0፣ 3፣ 6፣ 9፣ 12፣ 15፣ 18 እና 21 ቢቀነስ 60፣ 61፣ 55፣ 60፣ 54፣ 57፣ 53፣ 60 ይገኛል፡፡ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሆነ፤ ስፌቱም ጠፋ፤ የበረዶው ወጣ ገባ ግን አልተነካም፡፡ አማካዩ ከ68 ወደ 57.5 ስለወረደ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ 10.5 ቢጨመር ጠቅላላ ድምቀቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል፡፡ ይህን ስሌት የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በእርሳስና በወረቀት ሊሠራው ይችላል፡፡

ከዚህ በላይ ግን ብርሃኑን ከመነሻው መከላከል ይሻላል፡፡ የበረዶ ልባጥ የሚያነሡ ባለሙያዎች ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ቀን፣ ካሜራውን ከገጹ ጋር ቀጤ ነክ አድርገው፣ ነጸብራቅን የሚቀንስ የፖላራይዝ ማጣሪያ ገጥመው፣ ስፋቱ የሚታወቅበት ማስመሪያ ከጎን አኑረው ያነሣሉ፡፡ ጥላ ያለበት ልባጥ በሥዕሉ ላይ ሲውል፣ ኮምፒዩተሩ የራሱን ፀሐይ ስለሚጨምርበት በአንድ ሐይቅ ላይ ሁለት ፀሐይ የወጣ ያህል ይሆናል፡፡

የስንጥቅ ችግር

ድምቀትን ማስተካከል ለውርጭና ለአመዳይ ብዙ ጊዜ ይበቃል፡፡ ለረጋ ሐይቅ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም የሐይቅ በረዶ ሙቀቱ ሲለዋወጥ እየሰፋና እየተኰማተረ ስለሚሰነጠቅ፣ ገጹን ረጃጅም ስንጥቆች ያቋርጡታል፡፡ በሳይቤሪያ የሚገኘው የባይካል ሐይቅ በዚህ ረገድ የታወቀ ነው፡፡ በቀኝ ጠርዝ ላይ የተቋረጠ ስንጥቅ በግራ ጠርዝ በኩል የሚቀጥልበት ተጓዳኝ ከሌለው እንደ ተቆረጠ ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል፡፡

ብዙ ጀማሪዎች ይህንን ሁለቱን ጠርዞች እርስ በርስ በማደባለቅ ሊሸፍኑት ይሞክራሉ፡፡ ድምቀቱ 20 የሆነ ጥቁር ስንጥቅ 220 ከሆነ ነጭ ገጽ ጋር እኩል በእኩል ቢደባለቅ 120 ይሆናል፡፡ ይህም ስንጥቅም ያልሆነ፣ ገጽም ያልሆነ፣ የስንጥቅ ጥላ ነው፡፡ በተፈጥሮ ግማሽ ስንጥቅ የሚባል ነገር የለም፤ በረዶው ወይ ተሰንጥቋል ወይ አልተሰነጠቀም፡፡

የተሻለው መንገድ መቁረጥ ነው፡፡ አሌክሴይ ኤፍሮስና ዊልያም ፍሪማን በ2001 ያቀረቡት ዘዴ ሁለት ቁራጮችን በተወሰነ ስፋት ያደራርብና፣ በተደራረቡበት ክልል ውስጥ ልዩነታቸው እጅግ አነስተኛ የሆነበትን ጠመዝማዛ መንገድ ፈልጎ በዚያው ይቆርጣል፡፡ መንገዱ የሚገኘው ከላይ ወደ ታች ረድፍ በረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ እስከዚያ ድረስ ለመድረስ የሚበቃውን ትንሹን የልዩነት ድምር በመመዝገብ ነው፡፡ በበረዶ ላይ ቁርጡ ራሱን አንዱን ስንጥቅ ተከትሎ ሲሄድ ይስተዋላል፤ ስንጥቁ አስቀድሞ ድንበር በመሆኑ ስፌቱን የሚደብቅበት ከዚያ የተሻለ ሥፍራ የለምና፡፡

ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤት ይኸው አሳብ በወረቀት ሊታይ ይችላል፡፡ ተማሪው በካሬ ወረቀት መካከል ላይ፣ ጠርዞቹን ሳይነካ፣ የስንጥቅ መስመሮችን ይስላል፡፡ ከዚያም ወረቀቱን በመካከሉ ቁልቁልና አግድም ቆርጦ አራት እኩል ካሬዎች ያወጣል፡፡ የላይ ግራውን ከታች ቀኙ፣ የላይ ቀኙን ከታች ግራው ጋር ቦታ አለዋውጦ፣ ሳይገለብጥና ሳያዞር፣ በሌላ ወረቀት ላይ ይለጥፋቸዋል፡፡ ቀድሞ መካከል የነበረው ሥዕል አሁን ወደ አራቱ ጠርዞች ሄዷል፤ መካከሉም ባዶ ሆኗል፡፡ ተማሪው ባዶውን መካከል፣ አሁንም ጠርዞቹን ሳይነካ፣ ከነባሮቹ መስመሮች ጋር እያያያዘ ይሞላዋል፡፡ ይህ ወረቀት በአሥር ቅጂ ተባዝቶ ጎን ለጎን ቢደረደር መጋጠሚያው በመስመር መቋረጥ አይታወቅም፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አሁን ጠርዝ የሆነው ቀድሞ የተቆረጠው መካከል ስለሆነ፣ ሁለቱ ጠርዞች አስቀድመው አብረው የነበሩ ናቸው፡፡ ተማሪው ይህንን ምክንያት በራሱ ቃል እንዲያስረዳ ቢጠየቅ ትምህርቱ ከእጅ ሥራነት ወደ ጂኦሜትሪ ይሸጋገራል፡፡

ስፌቱ ሲጠፋ የሚወጣው ሌላ ችግር

ስፌቱ የጠፋለት ሠዓሊ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፡፡ ልባጡን በሰፊው ሐይቅ ላይ ነጥፎ ከሩቅ ሲመለከተው ግን ረድፍ ያያል፡፡ በልባጡ ውስጥ ጎላ ብሎ የሚታይ አንድ ነጭ የአየር አረፋ ወይም አንድ ለየት ያለ ስንጥቅ ካለ፣ ያው አረፋ በየሁለት ሜትሩ እንደ ወታደር ተሰልፎ ይታያል፡፡ ለሸማ ጥለት ይህ ውበቱ ነው፤ ሸማኔው ተመሳሳዩን መስቀል እየደጋገመ የሚሠራው ዓይን እንዲከተለው አስቦ ነው፡፡ ለሐይቅ ግን ሐሰት ነው፡፡ ስፌትና ድግግሞሽ ሁለት የተለያዩ ችግሮች መሆናቸውን አለመለየት በዚህ ሥራ ከሚታዩት ስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ሳይሆን አይቀርም፡፡

ለድግግሞሽ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ መነሻው ከሥዕል ሳይሆን ከሎጂክ ነው፡፡ የሒሳብ ሊቁ ሃው ዋንግ በ1961 ጠርዞቻቸው ቀለም የተቀቡ ካሬዎች እንደ ዶሚኖ ተመሳሳይ ቀለም ከተመሳሳይ ቀለም ጋር ብቻ እየገጠሙ ሜዳን ስለሚሸፍኑበት ሁኔታ ጥያቄ አነሣ፡፡ በ1997 ጆስ ስታም ይህንን ለልባጥ ሥራ አዋለው፤ በ2003 ደግሞ ማይክል ኮኸንና የሥራ ባልደረቦቹ በየአቅጣጫው ሁለት ዓይነት ጠርዝ ብቻ ካለ ስምንት ካሬዎች ለዘፈቀደ አነጣጠፍ እንደሚበቁ አሳዩ፡፡ ካሬዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ በሚነጠፉበት ጊዜ ከላይና ከግራ ያሉት ጎረቤቶች የሚያስገድዷቸው ጠርዞች አራት ዓይነት ጥምር አላቸው፤ ለእያንዳንዱ ጥምር ሁለት ምርጫ ካለ ሁልጊዜ በዕጣ መምረጥ ይቻላል፡፡ አራት በሁለት ስምንት ነው፡፡

ሁለተኛው መንገድ ልባጡን ከነጭራሹ በስሌት መፍጠር ነው፡፡ ኬን ፐርሊን በ1985 ያሳተመው ዘዴ በመረብ መገናኛዎች ላይ በዕጣ የተመረጡ አቅጣጫዎችን አስቀምጦ በመካከላቸው ያለውን በለስላሳ ኩርባ ይሞላል፡፡ የመረቡ ቁጥሮች በቀሪ ሒሳብ ከተወሰዱ፣ ለምሳሌ ከ7 ቀጥሎ 8 ሳይሆን 0 ከመጣ፣ ውጤቱ ስፌት የለውም፡፡ ለውርጭና ለነፋስ ለበጠበጠው አመዳይ ይህ ዘዴ ከፎቶግራፍ ይበልጣል፡፡ ለስንጥቅ ግን ብቻውን ደካማ ነው፤ ስንጥቅ የሚወለደው ከውጥረት እንጂ ከዕጣ አይደለምና፡፡

በረዶ የሚታየው እንዴት ነው?

ከዚህ በላይ የተባለው ለድንጋይም፣ ለአሸዋም፣ ለግንብም ይሠራል፡፡ በረዶን ለየት የሚያደርገው ቀለሙ ከገጹ ሳይሆን ከውስጡ መምጣቱ ነው፡፡

የግግር በረዶ የብርሃን ስብረት ልክ 1.31 ነው፡፡ ከዚህ በመነሣት ቀጥ ብሎ ከላይ የወረደ ብርሃን ከገጹ ላይ የሚንጸባረቀው 1.8 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑ ይሰላል፤ የቀረው ወደ ውስጥ ይገባል፡፡ ተመልካቹ አሻግሮ ሲያይ ግን ነገሩ ይለወጣል፡፡ ክሪስቶፍ ሽሊክ በ1994 ባቀረበው አቋራጭ ቀመር መሠረት፣ እይታው ከቀጤ ነኩ 60 ዲግሪ ሲያዘነብል ነጸብራቁ ወደ 5 በመቶ፣ 80 ዲግሪ ሲያዘነብል ወደ 40 በመቶ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ መቶ እየተጠጋ ይሄዳል፡፡ በረዶ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ጥልቁን ጨለማ፣ ከፊቱ ራቅ ብሎ ደግሞ ሰማዩን የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ይህንን ያልተከተለ ሥዕል ስንጥቁ የቱንም ያህል ቢያምር ፕላስቲክ ይመስላል፡፡

ወደ ውስጥ የገባው ብርሃን ቀዩ ክፍል ከሰማያዊው ይልቅ በብዛት ይዋጣል፡፡ ልዩነቱ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ አይታወቅም፤ ብርሃኑ በሜትር የሚቆጠር በረዶ ካቋረጠ በኋላ ግን የሚወጣው ሰማያዊ ነው፡፡ ስለዚህ ሰማያዊነት የውፍረት ምልክት እንጂ ቀለም አይደለም፡፡ በስስ የኩሬ በረዶ ላይ ሰማያዊ መቀባት ኩሬውን የሜትሮች ውፍረት እንዳለው አድርጎ መናገር ነው፡፡ ነጩ ደግሞ ከሌላ ምክንያት ይመጣል፡፡ ብርሃን የሚያሳልፍ የጨው ድንጋይ ሲወቀጥ ነጭ ዱቄት እንደሚሆን፣ አመዳይም ነጭ የሚሆነው እያንዳንዱ ቅንጣት ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ሳለ በቅንጣቶቹና በአየሩ መካከል ያሉት እልፍ አእላፍ ድንበሮች ብርሃኑን ስለሚበትኑት ነው፡፡ አዲስ የወረደ አመዳይ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ይመልሳል፡፡ በሐይቅ በረዶ ውስጥ የሚታዩት ነጫጭ አረፋዎችም የዚሁ ዓይነት ናቸው፤ ውኃው ሲረጋ በውስጡ ሟሙቶ የነበረውን አየር ገፍቶ ስለሚያስወጣ፣ መውጫ ያጣው አየር በዚያው ይታሰራል፡፡

በዚህ ምክንያት ለበረዶ አንድ ልባጥ አይበቃውም፡፡ አንዱ የገጹን ወጣ ገባ፣ አንዱ ለስላሳና ሻካራ የሆነበትን ቦታ፣ አንዱ በውስጡ ያሉትን ስንጥቆችና አረፋዎች፣ አንዱም ውፍረቱን ይይዛል፡፡ የውስጡ ልባጥ ከገጹ በታች በተወሰነ ጥልቀት ላይ እንዳለ ተደርጎ ይሰላል፡፡ ከላይ ቀጥ ብሎ ለሚያይ ሰው 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ አረፋ፣ በስብረቱ ምክንያት 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ያለ ይመስላል፡፡ ተመልካቹ ሲንቀሳቀስ የገጹ ጭረትና የውስጡ ስንጥቅ በእኩል አይንቀሳቀሱም፤ ጥልቀትን ለዓይን የሚናገረው ይህ ልዩነት ነው፡፡ የተለያዩት ልባጦች ስፌታቸው የሚቆረጠው በአንድ ዓይነት መስመር መሆን ይገባዋል፡፡ አለዚያ የስንጥቁ ጉድጓድ በአንድ ቦታ፣ የስንጥቁ ቀለም በሌላ ቦታ ይሆናል፡፡

ርቀት ሲጨመር ደግሞ በአንድ የስክሪን ነጥብ ውስጥ ብዙ መቶ የልባጥ ነጥቦች ይገባሉ፡፡ ላንስ ዊልያምስ በ1983 ልባጡን አስቀድሞ በግማሽ፣ በሩብ፣ በስምንተኛ እያሳነሱ ማስቀመጥን አስተማረ፤ ከርቀቱ ጋር የሚስማማው ይመረጣል፡፡ ትርፍ የሚይዘው ቦታ አንድ አራተኛ ሲደመር አንድ አሥራ ስድስተኛ እያለ ሄዶ ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም፤ ለሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መምህር የጂኦሜትሪ ዝርዝር ድምር ማስረጃ ነው፡፡ በበረዶ ላይ ግን አንድ ጠንቅ አለው፡፡ ጥቃቅኑ ወጣ ገባ በአማካይ ሲወሰድ ስለሚጠፋ ሻካራው በረዶ በሩቅ መስተዋት ይሆናል፡፡ የጠፋው ወጣ ገባ ልክ በሻካራነቱ ልባጥ ላይ መጨመር አለበት፡፡

ሥዕሉ ነፍስ የሚነካበት ቦታ

እስካሁን የተነገረው ስለ ውበትና ስለ ትክክለኛ ዕውቀት ነው፡፡ በመኪና መንዳት ማለማመጃ መሣሪያዎች ላይ ግን ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል፡፡ በብርድ አገሮች ጥቁር በረዶ የሚባለው በአስፋልት ላይ የሚረጋ እጅግ ስስ ሽፋን ነው፡፡ አረፋ ስለሌለው ነጭ አይደለም፤ ስስ ስለሆነ ሰማያዊ አይደለም፤ አስፋልቱ በውስጡ አልፎ ስለሚታይ ርጥብ መንገድ ይመስላል፡፡ ድልድዮች ከላይም ከታችም በአየር ስለሚቀዘቅዙ ከሌላው መንገድ ቀድመው ይሸፈናሉ፡፡ ማለማመጃውን የሠራው ሰው «በረዶ መሆኑ እንዲታወቅ» በማለት መንገዱን ነጭና ሰማያዊ ልባጥ ቢያለብሰው፣ ተለማማጁ የሚማረው በእውነተኛው መንገድ ላይ የማይገኝ ምልክት መፈለግን ነው፡፡ ከዚህ ይልቅ ምንም ሥዕል ሳያይ ቢቀር ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ ይጠራጠራል፡፡ በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም መንጃ ፈቃድ የሚያወጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጥቁር በረዶን በዓይናቸው ሳያውቁት መሪ የሚጨብጡ በመሆናቸው ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም፡፡

የትክክለኛው ልባጥ አሠራር ከላይ ካለው ይከተላል፡፡ የአስፋልቱ ቀለም እንዳለ ይተዋል፤ የሚለወጠው ሻካራነቱ ብቻ ነው፡፡ ድንበሩም ደብዛዛና የተቆራረጠ ይሆናል፡፡ በዚህ ቦታ ላይ ድግግሞሽ ከሌላው ሁሉ የከፋ ነው፤ በረዶው በየሃያ ሜትሩ የሚመጣ ከሆነ ተለማማጁ መንገዱን ማንበብ ትቶ መቁጠር ይጀምራልና፡፡

ለዕቅድ አውጪዎች

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ፡፡ ብሌንደር ከ2002 ጀምሮ በነፃ ፈቃድ የሚሰራጭ ሲሆን ጊምፕና ክሪታም እንደዚሁ ናቸው፤ ክሪታ ሠዓሊው በአንዱ ጠርዝ ያወጣው መስመር በሌላው ጠርዝ እንዲገባ የሚያደርግ አሠራር አለው፡፡ የተዘጋጁ ልባጦችንም ያለ ምንም ገደብ ለሕዝብ የለቀቁ ስብስቦች አሉ፡፡ ይሁን እንጂ ከኢንተርኔት የተገኘ ፎቶግራፍ ሁሉ የሕዝብ አይደለም፤ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ከመታተሙ በፊት ፈቃዱ ከቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጋር መገናዘብ ይገባዋል፡፡ መጠንን በሚመለከት፣ በየጎኑ 4,096 ነጥብ ያለው ልባጥ ከ2,048ቱ አራት እጥፍ፣ ማለት 50 ሚሊዮን ባይት ያህል ይይዛል፡፡ አራት ዓይነት ልባጥ ሲሆን 200 ሚሊዮን ይሆናል፡፡ ለትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ይህ ብዙ ነው፤ በ2,048 የተሠራና ድግግሞሹ በሚገባ የተሰበረ ልባጥ በ4,096 ከተሠራ ቸልተኛ ሥራ በላይ ይጠቅማል፡፡

የቀረበ ሥራ ከመቀበሉ በፊት በሦስት መንገድ ሊመረመር ይችላል፡፡ ልባጡ በሦስት ረድፍና በሦስት ዓምድ ተደርድሮ ከቅርብ ይታያል፤ ይህ ስፌቱን ለማወቅ ነው፡፡ ቀጥሎ በአሥር ረድፍና በአሥር ዓምድ ተደርድሮ፣ ተመልካቹ ራቅ ብሎ፣ ዓይኑን አጥበብ አድርጎ ያየዋል፤ ድግግሞሽ ካለ ረድፉ በዚህ ጊዜ ይወጣል፡፡ በመጨረሻም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲዞር ተደርጎ፣ ከፀሐይዋ ጋር የማይዞር ጥላ መኖሩ ይፈተሻል፡፡ የማይዞር ጥላ ከተገኘ ፎቶግራፉ የተነሣው ፀሐይ ባለበት ቀን ስለሆነ፣ ልባጡ ወደ አዘጋጁ ይመለሳል፡፡